ደሜ ሦስት እጥፍ የወጣ ሰሞን

ማክሰኞ፣ የካቲት 6

መጀመሪያ ጤነኛ ነኝ ብለህ ጻፍ። ጻፍክ? ደግመህ ጻፍ።

አጥናፌ እባላለሁ። በዚህ በእኛ በሸዋ ሮቢት መስኖ የውሃ አባት እኔ ነኝ፤ ማን በየትኛው ቀን፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚያጠጣ የምወስነው እኔ ነኝ። ፊደል አልቆጠርኩም። የሚጽፍልኝ ጎረቤቴ ሰይድ ነው። ፍርድ ቤቱ በር ላይ ማመልከቻ ይጽፋል፤ እርሻው ከእርሻዬ በታች ነው። አሁን ራሱ «ጉዳዩ፦» ብሎ ሊጀምር ሲል ነው ያስቆምኩት። የመሥሪያ ቤት ጉዳይ አይደለም፣ የራሴ ገላ ነው አልኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከገና ወዲህ ይደክመኛል። ቦዩን ከራስጌ እስከ ግርጌ ስወርድ ሁለት ጊዜ እቀመጣለሁ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ወባ ይሆናል ብዬ ክሊኒክ ሄድኩ፤ ወባ የለም። ጤና መኮንኑ፣ ጢም ገና ያቀመቀመ ልጅ፣ ደም ይመርመር አለ። እዚህ ማሽኑ ስለሌለ ደሙ በሹፌር ደብረ ብርሃን ይላካል አለኝ። የማንን ደም ነው በሹፌር የምትልከው አልኩት። ቲማቲም መሰለው! ባለፈው ሐሙስ ራሴ ይዤው ወጣሁ።

እንዴት እንደያዝኩት ይጻፍ። ልጁ ደሙን ብልቃጥ ውስጥ ካደረገ በኋላ ቀስ አድርጎ ሦስት አራት ጊዜ ገለበጠው። ለምን ብለው፣ «እንዳይረጋ ነው ጋሼ» አለኝ። ደም እንደሚረጋ እኔም አውቃለሁ፤ ስንት በሬ አርጃለሁ። ግን እሱ አራት ጊዜ ገልብጦ ቢተወው፣ እስከ ደብረ ብርሃን ማን ያገላብጠዋል? መኪና ላይ ተቀመጥኩና መናጥ ጀመርኩ። እስከ ደብረ ሲና ናጥኩት። ጣርማ በርን ስንወጣ ናጥኩት። ዋሻው ውስጥ በጨለማው ናጥኩት። ቀኝ እጄ ሲዝል በግራዬ። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት «አባቴ፣ ቅቤው አልወጣም?» አለችኝ። ጀርባዬን ሰጥቻት ናጥኩት። አንዲት ጠብታ ሳትረጋ አስረከብኩ። እንዲህ ያለ አደራ አድራሽ በዚህ አገር የለም።

ዛሬ ውጤቱ መጣ። ልጁ ወረቀቱን አየና ጣቱን አንዱ ቁጥር ላይ አሳረፈ። ኤል ዲ ኤች ይሉታል። ሙሉ ስሙን ሰይድ ከወረቀቱ ይገልብጠው፦ ላክቴት ዲሃይድሮጅኔዝ። የእኔ ዘር እስከ ሰባት ቤት ቢቆጠር ይህን ያህል አይረዝምም።

«ከሚገባው ሦስት እጥፍ ነው» አለኝ።

ተመስገን አልኩ። የሌላው ሰው አንድ፣ የእኔ ሦስት! በአባቴ ወገን ደመ ብርቱ ነን። ልጁ ግን አልሳቀም። «ጋሼ፣ ይሄ ሲበዛ ጥሩ አይደለም» አለ። ከጉበት ሊሆን ይችላል፣ ከሳንባ ሊሆን ይችላል፣ ከራሱ ከደሙ ሊሆን ይችላል፣ ከእጢም ሊሆን ይችላል። «እጢ» ሲል ድምፁን ዝቅ አደረገ። ዝቅ ባያደርገው ይሻለኝ ነበር።

የፊታችን ሰኞ ደብረ ብርሃን ሄጄ እዚያው ደም እንድሰጥ አዘዘኝ። እስከዚያ ላቡን፣ ትኩሳቱን፣ ክብደቱን፣ እብጠቱን በየቀኑ ያስጽፉ አለኝ። ይኸው እያስጻፍኩ ነው።

ባለቤቴ አስካለ እንዳትሰማ። እሷ ከሰማች እህቷ ትሰማለች፤ እህቷ ከሰማች ጀውሃ ድረስ ይሰማል። የታመመ የውሃ አባት ደግሞ ማን ይፈራል? በበነጋታው ሁሉም በየፊናው ቦይ ሲሸነቁር ያድራል።

ረቡዕ፣ የካቲት 7

ላብ፦ አለ። ግን ይህም ይጻፍ። ጤና መኮንኑ የደጋ ልጅ ነው፤ ሌሊት ያልብዎታል ወይ ብሎ ይጠይቃል። ሸዋ ሮቢት ላይ ሌሊት የማያልበው ሰው ከተገኘ የታመመው እሱ ነው።

ትኩሳት፦ ሰይድ ግንባሬን ነካና «እንደ ድንጋይ ነዎት» አለ። የየትኛው ሰዓት ድንጋይ እንደሆነ አልተናገረም።

ምግብ፦ ጤና መኮንኑ ሥጋ ይብሉ፣ እንቁላል ይብሉ ብሎኝ ነበር። ሁዳዴ ገብቷል አልኩት።

ክብደት፦ ሽንኩርት ከሚመዝኑት ዘንድ ሄድን። ጆንያ ውስጥ ይግቡ አሉኝ። እኔ አጥናፌ ጆንያ ውስጥ! ገመዱን በብብቴ አሳልፌ ከሚዛኑ ተንጠለጠልኩ። መዛኙ አንጋጦ አየና «ሃምሳ ሁለት ኪሎ፣ ሁለተኛ ደረጃ» አለ። የቆሙት ሁሉ ሳቁ። ሰይድም ሳቀ። የሳቀው ይጻፍ።

እብጠት፦ ከጆሮዬ ኋላ አንድ ጠንካራ ነገር አገኘሁ። ሰይድን ና ዳስ አልኩት። ዳሰሰና ፊቱ ተለወጠ፤ ቀስ ብሎ እጁን ወደ ራሱ ጆሮ ሰደደ። «ያ አላህ! እኔም አለኝ» አለ። በሌላኛውም ጆሯችን ኋላ አለ። ሁለታችንም ጆሯችንን ይዘን ተያየን። በመጨረሻ የሰይድን አህያ ዳሰስን። እሷም አላት። እንግዲያው አጥንት ነው ተባባልን።

ድካም፦ እንደትናንቱ። ቦዩ ላይ ሁለት ጊዜ ተቀመጥኩ። ሦስት ጊዜ ነው። ሁለት ብለህ ጻፍ።

ሐሙስ፣ የካቲት 8

ጤና መኮንኑን መንገድ ላይ ይዤ አስቆምኩት። ይህ ኤል ዲ ኤች የምትለው ነገር ምንድነው፣ እንደ ሰው አስረዳኝ አልኩት። አስረዳኝ። በእያንዳንዱ የገላ ቅንጣት ውስጥ ያለ ነው አለ፤ ኢንዛይም ይባላል፤ የምንበላውን ጉልበት ለማድረግ ያግዛል። ቦታው እዚያው ውስጥ ነው። ቅንጣቱ ሲጎዳና ሲፈርስ ግን ፈስሶ ደም ውስጥ ይገባል። «ስለዚህ ደም ውስጥ ሲበዛ፣ አንድ ቦታ የፈረሰ ነገር አለ ማለት ነው ጋሼ። የት እንደፈረሰ ግን ቁጥሩ አይናገርም።»

ይህን ለእኔ ነው የምታስተምረው? አልኩት። መንገድ ላይ ውሃ ሲፈስ ካየሁ፣ አንድ ቦታ ቦይ ተሰብሯል። ውሃው አፍ የለውም። ዱላዬን ይዤ ወደ ላይ እወጣለሁ፤ ዳርና ዳሩን እያየሁ ስብራቱን እስካገኝ እሄዳለሁ። ሠላሳ ዓመት እንጀራዬ ይኸው ነው። ልጁ አፉን ከፍቶ አየኝና «በጣም ትክክል» አለ። ትክክል መሆኔን ከሱ አልሰማም።

ስለዚህ ዛሬ ገላዬን ከራስጌ ጀምሬ ፈተሽኩ። ራስ፦ ደህና። ደረት፦ ሳል አለ፣ አሮጌ ሳል ነው። ጉበት፦ የት እንዳለ እኔና ሰይድ አልተስማማንም። እሱ በስተቀኝ ይላል፣ እኔ በስተግራ። የታረደ በግ ትዝ ሲለኝ እሱ ልክ ሳይሆን አይቀርም፤ አልነገርኩትም። ሆድ፦ ባዶ። ጉልበት፦ የለም። ስብራቱን አላገኘሁም።

አስካለ ከጓዳ ወጥታ ቆመች። «ምንድነው በየቀኑ የምትሾካሾኩት? ሚስት ሊያገቡ ነው?» አለችኝ።

ሰይድ ፈጠን ብሎ «ኧረ እትዬ አስካለ! ማን ትቀበላቸዋለች?» አለ። ለዚህ ነገር ሌላ ቀን እንተሳሰባለን።

የውሃ ተራ እያስጻፍኩ ነው አልኳት።

«የውሃ ተራ ሲጻፍ የአህያ ጆሮ ይዳሰሳል?» ብላ ገባች።

ሰይድ ከሄደ በኋላ ብቻዬን ቁጭ ብዬ ስለ ስብራት አሰብኩ። አንድ የቆየ ስብራት ትዝ አለኝ። የገላዬ አይደለም። ነገ አስጽፈዋለሁ። ሰው ሦስት እጥፍ ይዞ ይህንን ደርቦ አይሄድም።

ዓርብ፣ የካቲት 9

ሰይድ ከጁምዓ ሰላት መልስ መጥቷል። ነጩን ጀለቢያውን አላወለቀም። ዛሬ ላብና ትኩሳቱ ይቆየን። የምለውን ብቻ ጻፍ፤ መሀል አትግባ።

ከስምንት ዓመት በፊት ነው። ዝናብ የራቀበት ዓመት። እንደ ዛሬው ሁሉ የዓርብ ከሰዓት ውሃ የሰይድ ነበር። የእኔ ሽንኩርት በቆመበት እየጠወለገ ነበር። የውሃ አባት ነኝና ከራሴ ተራ ውጪ ጠብታ መንካት አልችልም፤ ይህንን ሕግ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሰይድ ውሃውን ወደ ማሾ ማሳው ከፍቶ መስጊድ ሄደ። እኔ ዶማዬን ይዤ ወረድኩ፤ ቦዩን ሸነቆርኩና ውሃውን ወደ ሽንኩርቴ አዞርኩት። ሰላቱ ከማለቁ በፊት ዘጋሁት። የጉድጓዱን አፍ ግን አውሬ የጫረው አስመስዬ ተውኩት።

አንድ ዓርብ አይደለም። ሦስት ዓርብ ነው።

ሰይድ ማሾው ሲቃጠልበት ወደ እኔው መጣ። ዳኛው እኔ ነኛ! ሄድኩ፣ ጎንበስ ብዬ ጉድጓዱን መረመርኩ፣ አፈሩን አሸተትኩ፣ ሰው በተሰበሰበበት «ጃርት ነው» ብዬ ፈረድኩ። ሰይድ አንድ ወር ሙሉ ጦር ይዞ ጃርት ጠበቀ። ጠዋት ዓይኑ ቀልቶ ሲያልፍ «ዛሬስ?» እለው ነበር። «ብልጥ ነው ጋሼ፣ ብልጥ ነው» ይለኝ ነበር።

ምን ቆምክ? ጻፍ። ሦስቱንም ጻፍ። ደግሞ ማሾህ ዳር አንድ የጃርት እሾህ አግኝተህ አልነበር? ማስረጃ ብለህ በርህ ላይ የሰቀልከው? እሱንም ከአስካለ ሰርቄ ያስቀመጥኩት

እሑድ፣ የካቲት 11

ትናንት አልተጻፈም። የሚጽፍ አልነበረም። ዓርብ ሰይድ ብዕሩን ከድኖ ኪሱ ከተተና ሄደ። ጫማውን እንኳ በትክክል አላደረገም።

ቅዳሜ ሙሉ ቀን ደጃፉን ሳይ ዋልኩ። ደብተሩ ተከድኖ መደቡ ላይ ነበር። ፊደል ባለመቁጠሬ በሕይወቴ አፍሬ አላውቅም፤ ትናንት ትንሽ አፈርኩ።

ትናንት ከሰዓት አስካለን ጠርቼ ሁሉንም ነገርኳት። ደሙን፣ ሦስት እጥፉን፣ እጢውን። ትወድቃለች ብዬ ነበር።

«ሽንኩርት ሚዛን ላይ ተንጠልጥለው አገር እያየዎት፣ ለእኔ ይደብቃሉ?» አለችኝ። ረቡዕ ማታውኑ እህቷ ነግራታለች።

የጃርቱንም ነገርኳት። እሱንም ታውቃለች! «ጸጉሬን የምከፍልበት እሾህ ዓርብ ጠፍቶ ቅዳሜ ሰይድ በር ላይ ተሰቅሎ ሳየው፣ ምን የማስብ መሰለዎት?» አለች። ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ትንፍሽ አላለችም። ለምን ብላት፣ «እስኪናገሩ እየጠበቅኩ ነዋ» አለች። ከዚያ ጓዳ ገብታ ቆየች። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል። በርበሬ ነው አለች። ትናንት በርበሬ የደቆሰ ሰው በቤታችን አልነበረም።

ዛሬ ከሰዓት ሰይድ መጣ። ሰላምታ የለም። እሾሁን ከኪሱ አውጥቶ ለአስካለ በሁለት እጁ ሰጣት። «እትዬ፣ የእርስዎ ንብረት ነው አሉ» አለ። ከዚያ ተቀመጠና ደብተሩን ገለጠ።

«የመጣሁት ለበሽታው ነው። ለእርስዎ አይደለም» አለኝ።

እሺ አልኩ። እኔ እሺ ስል ሰው ሰምቶ አያውቅም፤ ይጻፍ።

ላብ፦ አለ። ትኩሳት፦ ሰይድ ግንባሬን አልነካም። ክብደት፦ አልተመዘንኩም። እንቅልፍ፦ የለም።

ነገ ደብረ ብርሃን አብሮኝ እንደሚሄድ ተናግሯል። ለምን ብዬ አልጠየቅኩም።

ሰኞ፣ የካቲት 12

አሁን ገና ተመልሰን ገባን። ሰይድ መጻፍ አቅቶታል። ሲረጋጋ ይጽፋል።

ተረጋግቷል።

ጠዋት በሚኒባስ ወጣን። እስከ ደብረ ሲና አላናገረኝም። ጣርማ በር ላይ ጉም ነበር፤ ዋሻው ውስጥ ስንገባ ጨለመ። በዚያ ጨለማ ያ «እጢ» የሚለው ቃል መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። የሰይድን ክንድ ያዝኩ። መኪናው ስላወዛወዘኝ ነው። አላስለቀቀኝም።

ላቦራቶሪ ያገኘኋት ሴትዮ ጎልማሳ፣ ቆፍጣና ናት። ወረቀቴን አይታ ግንባሯን ቋጠረች። «ያኔ እኔ አልነበርኩም። ይሄ ቁጥር ብቻውን ነው የተሰቀለው፤ ጉበቱ ደህና ነው፣ ሌላውም ይህን ያህል የሚያስደነግጥ የለውም» አለች። ደሜን ቀዳች፤ ብልቃጡን ቀስ አድርጋ ገልበጥ ገልበጥ አደረገች። ያው እንደ ልጁ፣ አራት ጊዜ! ከዚያ ልታስቀምጠው ስትል አላስቻለኝም።

«አይበቃም፣ ይረጋል» አልኳት፤ ብልቃጡን ከእጇ ወስጄ እንደሚገባው መናጥ ጀመርኩ።

ጮኸች። የምሬን ነው፣ ኮሪደሩ ላይ የነበረ ሰው ሁሉ በር ላይ መጣ። ብልቃጡን ነጠቀችኝ።

«ምን እያደረጉ ነው አባቴ?»

«ባለፈው እንዲህ ነው ያመጣሁት።»

«ከየት ድረስ?»

«ከሸዋ ሮቢት።»

ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ አስረዳችኝ። ደም ውስጥ ቀያይ ቅንጣቶች አሉ፤ እነሱም ሆዳቸው በዚሁ ኤል ዲ ኤች የተሞላ ነው። ሲናጡ ይፈነዳሉ፤ ሲፈነዱ የያዙትን ይዘረግፋሉ። ማሽኑ ያን ቆጥሮ ሰውዬው ታሟል ይላል። የፈረሰው ብልቃጡ ውስጥ ነው እንጂ ገላዬ ውስጥ ላይሆን ይችላል። ላይሆን ነው ያለችው፤ አይደለም አላለችም።

እዚህ ላይ ሰይድ ከዓርብ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት አየኝ።

«ስለዚህ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ይሄም ጃርት አልነበረም።»

ሴትዮዋ ምን ጃርት ብላ ጠየቀች። ሰይድ ሊነግራት ሞከረ፤ አልቻለም። ግድግዳ ተደግፎ ሳቀ። መኪና ውስጥ ሳቀ። ዋሻው ውስጥ በጨለማው የሱ ሳቅ ብቻ ነበር የሚሰማው። እኔም ደብረ ሲና ላይ ትንሽ ሳቅሁ፤ ሰው የተቆጣሁ እንዳይመስለው።

ሌላ ደም ቀድታ፣ ብልቃጡን ወደማልደርስበት መደርደሪያ ሰቅላዋለች። ውጤቱ ነገ ለጤና መኮንኑ በስልክ ይነገራል፤ እሱ ወደ ሰይድ ሞባይል ይደውላል።

ካልወረደስ? ይህን አትጻፈው።

ማክሰኞ፣ የካቲት 13

ሞባይሉ ከጉብታው ላይ ካልወጡ አይሰማም። እኔ፣ ሰይድና አስካለ ከጠዋት ጀምሮ ጉብታው ላይ ነበርን። ሲጠራ ሰይድ አቀበለኝ፤ ገልብጬ ይዤው ኖሮ አስካለ አስተካከለችልኝ።

ደህና ነው። ከሦስት ወደ አንድ ወርዷል። እንደ ማንኛውም ሰው ነው።

«አልሐምዱሊላህ» አለ ሰይድ። አስካለ መሬት ሳመች። እኔ ተመስገን አልኩ፤ እውነቱ ይጻፍና፣ እንደ ማንኛውም ሰው የሚለው ትንሽ ቅር አለኝ።

ድካሙስ ከምን ነው ብዬ ልጁን ጠየቅኩት። «ዕድሜ ነው ጋሼ። ቦዩንም ቀን ከሌት አይዙሩት፤ ይተኙ። ከሁለት ወር በኋላ ደግመን እናያለን» አለኝ። ዕድሜ! ከዚህ ሁሉ ጣጣ በኋላ! እጢው ቢያንስ ስም ነበረው።

ከጉብታው ስንወርድ ሰይድን ወደ ዳር ሳብ አደረግሁት። የዓርቡን ገጽ ቅደድልኝ አልኩት። ያን ያስጻፍኩት ልሞት ነው ብዬ ነው፤ አልሞትኩም።

«ጋሼ፣ ተጽፎ ያደረ ማመልከቻ አይቀደድም» አለኝ።

«ባለጉዳዩ እኔ ነኝ።»

«ባለጉዳዩ እኔ ነኝ» አለ።

ልክ ነው። ስለዚህ እዚያው ቆሜ ፈረድኩ። ዳኛም እኔ፣ ተከሳሽም እኔ። ሦስት ዓርብ፣ ከሰይድ ተራ ላይ የራሴን ተራ ጨምሬ፣ እሱ ሰላቱ ላይ እያለ ማሾውን በእጄ አጠጣለታለሁ። ነገ ጠዋትም ለውሃ ተካፋዩ ሁሉ ምክንያቱን ራሴ እናገራለሁ። ሰይድ «ይግባኝ የለኝም» ብሎ ፈረመበት። እኔ በአውራ ጣቴ አተምኩ።

ዓርብ፣ የካቲት 16

ረቡዕ ለሰዉ ተናገርኩ። ሳቁብኝ። የውሃ አባትነቱን ግን የወሰደብኝ የለም፤ ከአንተ ሌላ ማን ይጨቃጨቃል አሉኝ።

ዛሬ የመጀመሪያው ዓርብ ነው። ሰይድ መስጊድ ሄደ። እኔ ውሃውን ከፈትኩለት፤ ማሾው ራስጌ ተቀምጬ ጠበቅኩ። ጥሩ ይሄድ ነበር። ቆይቶ ውሃው ቀጠነ። ጭራሽ ቆመ።

ዱላዬን ይዤ ወደ ላይ ወጣሁ። ዳርና ዳሩን እያየሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ተቀመጥኩ። ስብራቱን አገኘሁት፤ ከእኔ ማሳ ትይዩ፣ ልክ በዚያ ቦታ፣ ክብ ጉድጓድ። አፈሩ ወደ ውጪ ተጭሯል። አጠገቡ አንድ ጥቁርና ነጭ እሾህ ወድቋል። ውሃው ሁሉ ሽንኩርቴ ውስጥ ገብቶ ተኝቷል።

በዚያች ደቂቃ ሰይድ በነጭ ጀለቢያው ከመስጊድ ሲመለስ ከላዬ ቆመ። እኔ ጉድጓዱ ላይ ጎንብሻለሁ። እሾሁ በእጄ ነው።

ወደ ቤቴ ዞሮ ተጣራ። «እትዬ አስካለ! የጸጉርዎ እሾህ አለ?»

አስካለ ከቤት ጮኻ መለሰች። «እዚሁ ጸጉሬ ላይ ነው! ምነው?»

ይኸው ምስክር አለኝ። አሁን መደቡ ላይ ተቀምጠናል፤ እሾሁ መሀላችን ነው፣ ሰይድ ብዕሩን ይዞ አንዴ እሾሁን አንዴ እኔን ያያል። እያሰበ ነው። ያስብ። እያሰብክም ቢሆን ጻፍ፤ ጃርት ነው ብለህ ጻፍ።

ጻፍክ? ደግመህ ጻፍ።